ትንሹ አንገረብ፦ ወንዙ፣ ተፋሰሱና የጎንደር ውሃ

በነሐሴ ወር፣ ከባድ ዝናብ በጣለበት ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አንገረብ ድልድይ ወርዶ የቆመ ሰው ቡናማ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ ሲያልፍ ይመለከታል። ከዚያው ድልድይ ብዙ ሳይርቅ፣ በሰፈር ውስጥ፣ ፈረቃቸውን የሚጠብቁ ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈው ያገኛል። ጎንደር ያደገ ወይም የተማረ ሁሉ ሁለቱንም ትዕይንቶች ያውቃቸዋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በሁለት ወንዞች መካከል የተቆረቆረች፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ከተማ እንዴት ውሃ ሊጠማት ይችላል?

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ የምንፈልገው ከቧንቧው ሳይሆን ከወንዙ መልክዐ ምድር ነው። ወንዝ ሲባል በካርታ ላይ የተሰመረች ሰማያዊ መስመር ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። በሥነ ውሃ ሳይንስ ዓይን ግን ወንዝ ማለት ውሃውን የሚልክለት ምድር ሁሉ ነው፤ ይህም ምድር ተፋሰስ ይባላል። ስለ አንገረብ ማወቅ ማለት ከወገራ ተረተር ጀምሮ እስከ ደምቢያ ሜዳ ያለውን ዳገት፣ እርሻ፣ ድንጋይና ደን ማወቅ ማለት ነው።

ሁለት አንገረቦች፣ አንድ ተረተር

በመጀመሪያ አንድ የስም ግራ መጋባት እናጥራ። ቀድሞ ሰሜን ጎንደር ተብሎ በአንድነት ይጠራ በነበረው፣ በኋላም ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ በተከፈለው ምድር፣ አንገረብ የሚባሉ ሁለት ወንዞች አሉ። አንደኛው ትልቁ አንገረብ ነው። እርሱ ከጎንደር በስተሰሜን ካሉት ከፍታዎች ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ቆላ ይወርድና ውሃውን ለአትባራ ያስረክባል። ሁለተኛው፣ የዚህ ጽሑፍ ባለጉዳይ፣ ትንሹ አንገረብ ነው። ይኸኛው ወደ ደቡብ ይፈስሳል፤ የጎንደርን ከተማ በምሥራቅ በኩል አልፎ ከመገጭ ጋር ይቀላቀልና ጣና ሐይቅ ይገባል። በካርታ ላይ አንዱን ከሌላው ጋር ያምታቱ ጽሑፎችን አንብበናል፤ ተማሪዎችም በፈተና ላይ ሲሳሳቱ አይተናል። ስሕተቱ የሚገርም አይደለም፤ ሁለቱን የሚለያያቸው አንድ ተረተር ብቻ ነውና።

ይህን ተረተር ለማየት ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ ይዞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይበቃል። ኮሶዬ ላይ ከመኪና ወርዶ በገደሉ አፋፍ የቆመ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ሲያዞር ምድሩ ከእግሩ ሥር ተቆርጦ ወደ አርማጭሆ ቆላ ሲወርድ ያያል። ፊቱን ወደ ደቡብ ሲመልስ ግን መሬቱ እየተሞረሞረ፣ ቀስ እያለ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ጣና ሜዳ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ተረተር በመልክዐ ምድር ትምህርት ውሃ አካፋይ ይባላል። በዚህ አፋፍ ጎን ለጎን ከወደቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች አንዷ ወደ አትባራ፣ ሌላዋ ወደ ዓባይ ልትሄድ ትችላለች።

የሁለቱን ጠብታዎች ጉዞ እንከተል። በሰሜን በኩል የወረደችው በገደልና በሸለቆ ተጣድፋ በዚያው ክረምት ሱዳን ትደርሳለች። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በሰኔ 1861 እ.ኤ.አ. በደረቀው የአትባራ ወንዝ አሸዋ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ ሌሊቱን እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰምቶ በማግስቱ ባዶ የነበረው አሸዋ ትልቅ ወንዝ ሆኖ እንደ ጠበቀው በ1867 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ተርኳል። የዚያ ውሃ ምንጭ የእኛው ደጋ ነበር። በደቡብ በኩል የወረደችው ጠብታ ግን አትቸኩልም። በአንገረብና በመገጭ አድርጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ከሚገኘው ጣና ሐይቅ ትገባለች፤ እዚያም ለዓመታት ልትቆይ ትችላለች። ከሐይቁ ከሚወጣው ውሃ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ በትነት ወደ ሰማይ የሚመለስ በመሆኑ፣ ከነአካቴው ዓባይን ሳታይ ልትቀርም ትችላለች። ዓባይን ካገኘች ግን በጢስ ዓባይ፣ በጎጃም ሸለቆና በካርቱም አልፋ፣ ከካርቱም በስተሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አትባራ ከዓባይ በሚቀላቀልበት ሥፍራ የእኅቷን መንገድ ታገኛለች። በኮሶዬ በአንድ ክንድ የተለያዩት የሚገናኙት በሌላ አገር በረሃ ውስጥ ነው።

የሰሜኑ ወገን እንዲህ ገደላማ፣ የደቡቡ ለስላሳ የሆነበት ምክንያት ውሃው በመጨረሻ የሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ከፍታ ነው። ወደ ደቡብ የሚፈስሰው ውሃ በጣና ከፍታ ላይ ይቆማል። ወደ ሰሜንና ምዕራብ የሚፈስሰው ግን በሱዳን ጠረፍ ወዳለው፣ ከጣና ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ወደሚለው ቆላ ይወርዳል። ብዙ የሚወድቅ ውሃ ብዙ ይቆርሳል። በዚህም ሕግ መሠረት ገደላማው ወገን ወደ ኋላ እየቦረቦረ፣ ተረተሩን ወደ ለስላሳው ወገን ይገፋዋል። በእኛ ዕድሜ የሚታይ ለውጥ አይደለም፤ በሚሊዮን ዓመታት ሚዛን ግን ትልቁ አንገረብ ከትንሹ አንገረብ መሬት ይቀማል ማለት ነው።

ወንዙ የተኛበት ድንጋይ

የጎንደር ምድር የተሠራው በእሳተ ገሞራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኢትዮጵያን ሰፊ ክፍል ያለበሰው ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ እየተደራረበ ሲቀዘቅዝ ዛሬ የምናየውን የባዛልት ደጋ ሠራ። ቤተ መንግሥቶቹ የተገነቡበት ጥቁር ድንጋይም የዚሁ ወገን ነው። የሰሜን ተራሮችን፣ ራስ ዳሸንን ጨምሮ፣ የሠራው ግዙፍ እሳተ ገሞራም በዚያው የጥንት ዘመን የፈነዳ ነበር። በኋላ ምድሩ በስንጥቅ መስመሮች ተከፋፍሎ የተወሰነው ክፍል ወደ ታች ሰመጠ። የጣና ሐይቅ ሥፍራ ሦስት እንዲህ ያሉ ሰመጥ መሬቶች የሚገናኙበት ነው፤ ከሦስቱ አንደኛው የጎንደር ሰመጥ መሬት ይባላል። አንገረብና መገጭ ወደ ደቡብ የሚሄዱት ይህ የተዘጋጀ መንገድ ስላለ ነው።

ይህ ደጋ ሁልጊዜ እንደ ዛሬው እንዳልነበረም ማስረጃ አለ። ከጎንደር በስተምዕራብ በጭልጋ፣ ከ27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ የዕፅዋትና የጥንት የዝሆን ዘመዶች ቅሪቶች ከምድር ውስጥ ወጥተዋል፤ ስለ እንስሳቱም በ2003 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ታትሟል። ሥፍራው በዚያን ዘመን ሞቃትና እርጥብ፣ ደንም የሞላበት ነበር።

ለውሃ ጉዳይ ዋናው ነገር የድንጋዩ አደራደር ነው። ባዛልት በራሱ ውሃ አያስገባም፤ የተሰነጠቀና የአየር ጠባይ የበላው ባዛልት ግን ያስገባል። በአንዱ የባዛልት ንጣፍና በሌላው መካከል አንዳንድ ጊዜ ቀይ አፈር ወይም የአመድ ንጣፍ ይገኛል፤ ከላይ የሰረገው ውሃ እዚህ ሲደርስ መውረዱን ትቶ ወደ ጎን ይሄድና በዳገቱ ወገብ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በአካባቢያችን ብዙ ምንጮች በዳገት ወገብ ተሰልፈው መታየታቸው በአጋጣሚ አይደለም። በበጋ ወንዙን ከነሕይወቱ የሚያቆዩትም እነዚህ ምንጮች ናቸው።

ከተማው በወንዞቹ መካከል

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ (1636 እ.ኤ.አ.) ጎንደርን መቀመጫቸው ሲያደርጉ የመረጡት ጉብታ በምሥራቅ በአንገረብ፣ በምዕራብ በቀሃ የታቀፈ ነበር። ከ130 ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የከተማዋን አቀማመጥ ሲገልጽ እነዚህን ሁለት ወንዞች ነው የጠቀሰው። አንገረብ ከወገራ እንደሚመጣ፣ ቀሃም ከከተማዋ በስተደቡብ ከአንገረብ ጋር እንደሚገናኝ ጽፏል። ከመቶዎች ዓመታት በኋላም መግለጫው በካርታ ላይ ይሠራል።

ጉብታው ለመከላከያ፣ ለነፋስና ለዕይታ የተመቸ ነበር። ለውሃ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ወንዞቹ ከታች፣ ቤቶቹ ከላይ ናቸው። በዚያ ዘመን ይህን ጉድለት የሚሞላው የሰው ጀርባ፣ እንስራና አህያ ነበር። ዛሬም ያው ጉድለት በፓምፕና በመብራት ኃይል የሚሸፈን ሆኗል፤ መብራት ሲቋረጥ ውሃም የሚቋረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሆኖም የጥንቶቹ ባለሙያዎች የወንዙን ጠባይ ያውቁ ነበር። ለዚህ ትልቁ ምስክር የፋሲል መዋኛ ነው። በየዓመቱ የጥምቀት በዓል የሚከበርበት ይህ ገንዳ ለዘመናት ሲሞላ የኖረው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚሳብ ውሃ ነው። ልብ እንበል፤ ጥምቀት የሚውለው በጥር ነው፤ በጥር ዝናብ የለም። ገንዳውን የሚሞላው የክረምቱ ጎርፍ ሳይሆን ከምንጮች ቀስ እያለ የሚወጣው ውሃ ነው። ይህ የበጋ ፍሰት ሳይንሳዊ ስሙ መሠረታዊ ፍሰት ይባላል። መሠረታዊ ፍሰት ያለው ወንዝ ገንዳን በጥቂት ቀናት ይሞላል፤ የሌለው ወንዝ ግን በጥር ድንጋይ ብቻ ይሆናል። የአንድን ተፋሰስ ጤንነት በአንድ ምልክት ብቻ ለክታችሁ ንገሩን ብንባል፣ የምንመርጠው የጥርን ፍሰት ነው።

ጥቂት ስሌት

ሒሳቡን እንሥራ፤ ከአራቱ መደብ የሚያልፍ አይደለም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ስኩዌር ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። በ1 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ ሲወርድ ደግሞ 1,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከአንገረብ ግድብ በላይ ያለው ተፋሰስ ስፋት ወደ 70 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዓመቱን ዝናብ 1,100 ሚሊ ሜትር ብንል፣ በዚህ ተፋሰስ ላይ በዓመት የሚወርደው ውሃ 77 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይደርሳል።

ይህን ከከተማው ፍላጎት ጋር እናነጻጽር። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የጎንደር ከተማ ነዋሪ 207,044 ነበር፤ በ1987ቱ ቆጠራ 112,249 ብቻ ስለነበረ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ከእጥፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ አድጓል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 50 ሊትር ብንመድብ፣ ለ1999ኙ ሕዝብ በዓመት የሚያስፈልገው 3.8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። ይህም በአንገረብ ተፋሰስ ብቻ ከሚወርደው ዝናብ ሃያ አንደኛው ነው። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ እጅግ አድጋለች፤ ፍላጎቱ በእጥፍ፣ ከእጥፍም በላይ ቢሆን እንኳ ከሰማይ የሚመጣው ይበልጣል።

እንግዲህ ችግሩ የዝናብ ማነስ አይደለም። ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት፣ ከእነርሱም ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ለምሳሌ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በመላው ተፋሰስ ላይ ቢጥል 2.1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ከዚህ ግማሹ በአምስት ሰዓት ውስጥ በወንዙ ቢያልፍ፣ በየሴኮንዱ ወደ 58 ሜትር ኩብ ማለት ነው። በድልድዩ ላይ ቆመን ያየነው ድንጋይ የሚያንከባልለው ውሃ ይህ ነው። ተፋሰሱ አጭርና ገደላማ ስለሆነ ጎርፉ በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፣ በሰዓታት ውስጥም ያልፋል። ውሃው የሚጎድለው በመጋቢትና በሚያዝያ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የነሐሴው ውሃ ከረጅም ጊዜ በፊት ጣና ገብቷል።

ግድቡና ደለሉ

ከነሐሴ እስከ ሚያዝያ ውሃ ለማቆየት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ግድብ ነው፤ ሁለተኛው አፈሩ ራሱ ነው። የአንገረብ ግድብ በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራ የአፈር ግድብ ሲሆን፣ ሲሠራ መያዝ ይችል የነበረው ውሃ ወደ 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነበር። ከተማዋ ከእርሱ በተጨማሪ የጉድጓድ ውሃም ትጠቀማለች።

ግድብ የወንዝን ውሃ ሲያቆም አፈሩንም ያቆማል። የሚሮጥ ውሃ ድንጋይ፣ አሸዋና ጭቃ ይሸከማል፤ ወደ ረጋው ሐይቅ ሲገባ ግን ኃይሉ ይከዳዋል። ድንጋይና አሸዋው ወዲያው በመግቢያው አፍ ይወድቃል፤ ደቃቁ ጭቃ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ወለሉን ያለብሳል። የአንገረብን ግድብ ያጠኑ ባለሙያዎች ደጋግመው የጻፉት ይህንኑ ነው፤ ደለሉ ግድቡ ሲነደፍ ከታሰበው በላይ የማጠራቀሚያውን ቦታ እየያዘ ሄደ።

ደለል ከየት ይመጣል? ሐንስ ሁርኒ የተባሉት ስዊዘርላንዳዊ የመልክዐ ምድር ሊቅ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያገለገሉ፣ በኋላም በኢትዮጵያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ላይ ለረጅም ዘመን የሠሩ ናቸው። እርሳቸው ከኢትዮጵያ የታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። ይህ ቁጥር በውፍረት ሲተረጎም ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ገበሬው በዓይኑ አያየውም፤ አንድ የክረምት ዝናብ የወሰደው አፈር ከበሬው ሸኾና አሻራ ያነሰ ነውና።

እኛ ግን የበለጠ ቆጠብ ብለን እናስላ። ከ70 ስኩዌር ኪሎ ሜትሩ ሁሉ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢታጠብ፣ 70,000 ሜትር ኩብ አፈር ይሆናል። ከዚህ ሲሶው ብቻ ግድቡ ይግባ፤ የቀረው በየእርሻው ድንበርና በየሸለቆው ይቅር። በ25 ዓመት ውስጥ ግድቡ ከ580,000 ሜትር ኩብ በላይ ደለል ይይዛል፤ ይህም ከመጀመሪያው ቦታ ከአሥር እጅ አንዱን ይበልጣል። የሚታጠበው ሁርኒ የገመቱትን ያህል ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ በሦስትና በአራት እጥፍ ይጨምራል። ውሃ ለሌላት ከተማ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ደለል የአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ቦታ መውሰዱን አንርሳ።

በመገጭ ወንዝ ላይ በ2000ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው ትልቅ ግድብም ለመስኖና ለጎንደር የመጠጥ ውሃ ታስቦ ነበር፤ ግንባታው ከተያዘለት ጊዜ እጅግ መዘግየቱን የከተማው ነዋሪ ሁሉ ያውቃል። ስለ መዘግየቱ ብዙ ተብሏልና እዚህ አንገባበትም። ማለት የምንፈልገው፣ የመገጭ ተዳፋትም እንደ አንገረብ ተዳፋት የታረሰ መሆኑን ነው፤ ከላይ ያለው መሬት ሳይያዝ ከታች የሚሠራ ግድብ የመጀመሪያውን ታሪክ ይደግማል።

ደኑ ምን ይሠራል?

ሁለተኛው ማጠራቀሚያ አፈሩ ነው ብለናል። በአንገረብ ተፋሰስ የቀረውን የጥንት ደን ለማየት የሚፈልግ ሰው የአብያተ ክርስቲያናትን ቅጥር መፈለግ አለበት። ጎንደር በአርባ አራት ታቦቶቿ ትታወቃለች፤ በከተማዋም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ደብሮች ቅጥር ውስጥ ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳናና ሾላ ተጠብቀው ይታያሉ። በላይ በወገራ በኩል ደግሞ ኮሶ ነበረ፤ ኮሶዬ የሚለው ስም ራሱ ዛፉን ያስታውሰናል።

በዝናብ ጊዜ ወደ አንድ የደብር ቅጥር ገብታችሁ ከዚያ ወደ ጎረቤቱ እርሻ ብትወጡ ልዩነቱን በእግራችሁ ታውቁታላችሁ። በቅጥሩ ውስጥ ጠብታው በመጀመሪያ ቅጠል ያገኛል፤ ከቅጠል ወደ ረገፈ ቅጠል ይወርዳል፤ ከዚያም ሥርና ትል የቆፈሩትን ቀዳዳ ተከትሎ ይሰርጋል። በእርሻው ላይ ግን ጠብታው በቀጥታ አፈሩን ይመታዋል፤ ደቃቁ አፈር ይበተንና ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል፤ ውሃው የሚገባበት ሲያጣ ይሮጣል። በአንድ ዝናብ፣ በአንድ ዳገት፣ ከአጥር ወዲህ ጎርፍ ከአጥር ወዲያ ዝምታ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን በየመድረኩ የሚነገረውን «ደን ውሃ ይፈጥራል» የሚለውን አባባል እንድንቀበል ሳይንስ አይፈቅድልንም። ዛፍ ውሃ ጠጪ ነው፤ በሥሩ የሳበውን በቅጠሉ ያተናል። ደን ያለበት ተፋሰስ በዓመት የሚሰጠው ጠቅላላ ውሃ ከተራቆተው ሊያንስ ይችላል። የሚለወጠው የውሃው መጠን ሳይሆን ጊዜውና ንጽሕናው ነው። አፈሩ በቂ ስርገት ሲኖረው የነሐሴው ውሃ ከፊሉ ወደ ከርሰ ምድር ገብቶ በጥርና በመጋቢት በምንጭ ይወጣል፤ ጭቃውም በዳገቱ ይቀራል። ለጎንደር የሚያስፈልጋት በነሐሴ ብዙ ውሃ ሳይሆን በሚያዝያ ጥቂት ንጹሕ ውሃ ስለሆነ፣ ይህ ልውውጥ አትራፊ ነው።

ባሕር ዛፍስ? በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ሲሞገስም ሲረገምም ኖሯል። ቶሎ ያድጋል፤ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ይሆናል፤ ባይኖር ኖሮ የቀረው ወይራና ጽድ ምን ይውጠው እንደነበር መገመት አያዳግትም። ነገር ግን ውሃ በብዛት ይጠጣል፤ ከሥሩም ሣር ስለማይበዛ መሬቱ ለጎርፍ የተጋለጠ ይሆናል። በእኛ አስተያየት ጥፋቱ ከዛፉ ይልቅ ከተተከለበት ቦታ ነው። በምንጭ አፍና በወንዝ ዳር መተከል አልነበረበትም።

በተፋሰሱ የላይኛው ክፍል እርከን መሥራት፣ በቦረቦር ውስጥ የድንጋይ ክትር መደርደር፣ የተጎዳ ተዳፋትን ከከብትና ከሰው ንክኪ ነፃ አድርጎ ማቆየት ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። ጉዳዩ የድንጋይና የጉልበት ብቻ አይደለም። እርከኑን የሚሠራው የወገራና የላይ አርማጭሆ ገበሬ ነው፤ ውሃውን የሚጠጣው የከተማ ሰው ነው። ገበሬው ለከብቱ የሚያስፈልገውን ግጦሽ ከልሎ ለከተማው ምንጭ ሲያቆይ በምላሹ ምን ያገኛል? ይህ ጥያቄ በአግባቡ ሳይመለስ የቆየ በመሆኑ፣ በአንድ በጋ የተሠራ ክትር በሁለተኛው ክረምት ፈርሶ ሲገኝ ልንደነቅ አይገባም።

ከከተማው በታች

አንገረብ ከተማውን ሲያልፍ የተሸከመው አፈር ብቻ አይደለም። ቀሃ፣ ሽንታና ሌሎች ጅረቶች የከተማውን ደረቅና ፈሳሽ ቆሻሻ ይቀበላሉ፤ ፕላስቲክ፣ የልብስ ማጠቢያ አረፋ፣ የመጸዳጃ ፍሳሽ። በክረምት ጎርፉ ጠርጎ ስለሚወስደው ወንዙ የጸዳ ይመስላል። አልጸዳም፤ ቆሻሻው ቦታ ቀየረ እንጂ።

የሚቀበለው መገጭ ነው። አዘዞ አጠገብ ባለው የፍሰት መለኪያ ጣቢያ ላይ የመገጭ ተፋሰስ ስፋት 462 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከጣና ትልቁ ገባር ከግልገል ዓባይ (1,664 ስኩዌር ኪሎ ሜትር) ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሆኖም ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሐይቁ አራቱ ዋና ገባሮች ተብለው ይቆጠራሉ። መገጭ ወደ ደምቢያ ሲደርስ ተዳፋቱ ያልቃል፤ ውሃው ይዝላል፤ የተሸከመውን ይጥላል። የደምቢያ ዋልካ አፈር ለምነቱን ያገኘው እንዲህ ካለ የዘመናት ስጦታ ነው። ስጦታው ሲበዛ ግን የወንዙ ወለል ከፍ ይልና ውሃው ከዳርቻው ይወጣል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በጣና ዙሪያ በፎገራና በደምቢያ ሜዳዎች የደረሰውን የጎርፍ አደጋ ብዙዎች ያስታውሳሉ።

በመገጭ አፍ ሁለት ሕያዋን ጉዳዮች ይገናኛሉ። አንደኛው ዓሣ ነው። በጣና የሚኖሩት፣ በዓለም በሌላ ቦታ የማይገኙት የላቤዮባርበስ ዝርያዎች ከ15 አያንሱም፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በክረምት ከሐይቁ ወደ ገባር ወንዞች፣ መገጭን ጨምሮ፣ ሽቅብ ወጥተው ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ለዚህም ንጹሕ ጠጠርና አየር ያለበት የሚሮጥ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ጠጠሩን ደለል ከሸፈነው ዕንቁላሉ ይታፈናል። ሁለተኛው እምቦጭ ነው። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተንሳፋፊ አረም በጣና ላይ መታየቱ የተረጋገጠው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ (2011 እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ መጀመሪያ ከተስፋፋባቸው ሥፍራዎች አንዱ የመገጭ መግቢያ አካባቢ ነው። እምቦጭ የሚወደው ጥልቀት የሌለው፣ የረጋ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የበዛበት ውሃ ነው። ከእርሻ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ የወረደ ፍሳሽ ደግሞ ይህንኑ ያቀርብለታል። አረሙን በእጅ ለመንቀል በየዓመቱ በዘመቻ የሚወጣው ሕዝብ ጎንበስ ብሎ የሚነቅለው፣ በከፊል ከወገራ የታጠበውን አፈርና ከጎንደር የወረደውን ቆሻሻ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ወንዙን በራሳችን ስንለካ

ይህን ሁሉ በወረቀት ከማንበብ ይልቅ በወንዙ ዳር መለካት ይበልጣል፤ ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በጥር ወር ከአንገረብ ወይም ከቀሃ ቀጥ ብሎ የሚፈስ ክፍል ምረጡና በዳርቻው ላይ 10 ሜትር ለክታችሁ በሁለት ድንጋይ አመልክቱ። አንድ ብርቱካን ከላይኛው ምልክት ጥላችሁ ታችኛው እስኪደርስ ሴኮንዱን ቁጠሩ፤ አምስት ጊዜ ደግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። 25 ሴኮንድ ከሆነ የላይኛው ውሃ ፍጥነት በሴኮንድ 0.4 ሜትር ነው። ወለሉ ውሃውን ስለሚጎትተው ይህን በ0.85 አባዙ፤ 0.34 ይሆናል። ወርዱ 3 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የፍሰቱ መጠን በሴኮንድ 0.2 ሜትር ኩብ ወይም 200 ሊትር ያህል ነው። ጥልቀቱን ለመለካት የምትገቡ ከሆነ ቦት ጫማ አድርጉ፤ በአካባቢያችን ጅረቶች ቢልሃርዚያ አለ።

በነሐሴ ወደ ውሃው መግባት ፈጽሞ አይገባም። የነሐሴው ሥራ ከድልድዩ ላይ በገመድ ባልዲ አውርዶ አንድ ሊትር ውሃ መቅዳት ነው። ውሃው በግልጽ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ቀን ይደር፤ የጠራው ከላይ ይፍሰስ፤ የቀረው ጭቃ ደርቆ በቤተ ሙከራ ሚዛን ይመዘን። 5 ግራም ቢሆን በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ 5 ኪሎ ግራም አፈር አለ ማለት ነው። ወንዙ በዚያች ሰዓት በሴኮንድ 50 ሜትር ኩብ ቢያሳልፍ 250 ኪሎ ግራም በሴኮንድ፣ 15 ቶን በደቂቃ ይሆናል፤ አምስት አምስት ቶን የጫኑ ሦስት አይሱዙ መኪኖች በየደቂቃው በድልድዩ ሥር እንዳለፉ ቁጠሩት። በጠርሙሱ ላይ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ጻፉበት፤ ጎርፉ ከመድረሱ በፊት የተቀዳውና ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተቀዳው የአንድ ወንዝ ውሃ አይመስሉም።